የስንዱ የወገብ ክር

የከተማዋን ስም አልጠራም። የኖረባት ያውቃታል፤ ያልኖረባት ስሟን ቢያውቅ ከመሳሳት በቀር የሚያተርፈው የለም። ገመድ የሚሠራባት ከተማ ናት፣ ይህ ይበቃል። ፋብሪካው ከወንዙ ማዶ ነው፣ እኛ ከወንዙ ወዲህ ነን፣ መሃል ላይ ድልድይ አለ፣ ድልድዩም የእጃችን ሥራ ነው። እኔ አንዳርጌ እባላለሁ። አሥራ አራት ዓመት ገመድ ገምጃለሁ፤ ማለትም የሦስት ክር ጫፍ ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ ኖሬአለሁ። ገመድ ገማጅ ወደ ፊት እየተራመደ አይሠራም።

በዚያ አገር አሠሪ የሠራተኛውን ጤና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ደግ ሕግ ነው፤ በደግነቱ የሚከራከር ሰው አላየሁም። ሠራተኛው ወይም ከቤተሰቡ አንዱ ከታመመ፣ በፋብሪካው መድን ቤት በኩል ወደ ቤተ ፈውስ ገብቶ ይታከማል። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። የመጣው በሽተኛ የተመዘገበው ሰው ራሱ መሆኑ በምን ይታወቃል? በስም እንዳይባል፣ ስም ሞክሼ አለው። በመልክ እንዳይባል፣ ፊት ያየ ሰው ያዝናል፣ ያዘነም ያደላል። በጣት አሻራ እንዳይባል፣ የኛን አሻራ ገመዱ ልሶ ጨርሶታል፤ መዳፋችን እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው። ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች ሰባት ቀን ተቀምጠው መከሩና በወገብ ክር ተስማሙ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሲቀጠር ከነቤተሰቡ መድን ቤት ይጠራል፤ ኋላ ቢያገባም ሚስቱ ትጠራለች። ክር ጠባቂው ያልተነከረ፣ ቀለም ያልነካው የጥጥ ክር በወገቡ ያዞርበትና ጫፍና ጫፉ በተሳሳመበት ላይ ይቆርጠዋል። ስሙ የተጻፈባት ቁራጭ ቆዳ ትታሰርበታለች፣ ክሩም ከጣሪያ ይሰቀላል። ሰውየው ሲታመም ይመጣል፣ ክሩ ይወርዳል፣ በወገቡ ይዞራል። ጫፍና ጫፉ ከተሳሳመ "ልክ" የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይሰጠዋል። ያለዚያ ደብዳቤ ቤተ ፈውስ በሩን አይከፍትም።

ያረገዘች ሴት እስክትወልድ ድረስ ሌላ ሰው ናት። ከረጅም ጾም በኋላ ማንም እንዳይታመም ይመከራል። ከዚህ በቀር እንከን የለውም ይባል ነበር። እኔም እል ነበር፤ በቤቴ የታመመ ሰው አልነበረማ።

ሚስቴ ስንዱ የታመመችው ዝናቡ ባባራ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ቀኝ ጎኗን ያዛት። ቀጥሎ ምግብ ተወች። ቀጥሎ ትኩሳት መጣ፤ ከሰዓት በኋላ እንደ እንግዳ ገብቶ ልብሷን በላብ አርሶ የሚሄድ ትኩሳት። የፋብሪካው ቁስል አጣቢ መጥቶ ጎኗን ጫን ጫን አደረገና ወደ ደጅ ጠራኝ።

"መግል የቋጠረ እጢ ነው" አለኝ። "በአንድ ወር ውስጥ መውጣት አለበት።"

"ካልወጣስ?"

"ከውስጥ ይፈርጣል።" ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

በማግስቱ ስንዱን ደግፌ መድን ቤት ወሰድኳት። እዚያ ቤት ከተቀጠርኩ ወዲህ ገብቼ አላውቅም ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ክር ተሰቅሎበታል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ወገብ እዚያ አለ። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፣ ንፋስ የለም። ግን ክሮቹ ይወዛወዛሉ። ሁሉም አይደሉም። አንዱ ይንቀሳቀስና ይቆማል፣ ቀጥሎ ከወዲያ ማዶ ሌላው። ስንዱ እጄን ጨበጠችኝ፤ "የኔ የቱ ይሆን?" አለች።

ክር ጠባቂው አቶ ልሳኑ ይባላል። ጠባቂዎች ፊት እንዳያዩ ተደርገው ነው የሚሠለጥኑት፤ ዓይናቸው ከደረት በላይ አይወጣም። የስንዱን ክር በረጅም ዘንግ አወረደና በወገቧ አዞረው።

"ሦስት ጣት ተረፈ" አለ።

"ታማ እኮ ከስታ ነው፣ አቶ ልሳኑ።"

"ማን?"

"ስንዱ ናታ! ይቺ የቆመችው!"

"ስንዱ የዚህ ክር ልክ የሆነችው ናት። ይቺ ሦስት ጣት ታንሳለች።"

ስንዱ ድሮም አፏ የሚታሰር አይደለም። "ጋሼ፣ እስቲ ቀና ብለው ይዩኝ" አለችው። "በሠርጌ ማግስት የለኩኝ እርስዎ ነዎት። ሲቆርጡት መቀሱ ገላዬን ነክቶኝ 'ይቅርታ የኔ ልጅ' ብለውኛል።"

አቶ ልሳኑ ክሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። "ይቅርታ ያልኩት ለስንዱ ነው" አለ።

ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን ደረሰን። "ለአቶ አንዳርጌ። ያቀረቧት ሴት የተመዘገበችው አለመሆኗን በአክብሮት እናስታውቃለን። ስንዱ በክሯ ልክ በተገኘች ጊዜ እርሷን ለመርዳት ምንጊዜም ዝግጁ ነን። እስከዚያው ጤና ይስጥልን።"

በሥራ ቦታ ከኔ ጋር አንድ ገመድ የሚጎትት ጋሽ ዘውገ የሚባል ሽማግሌ አለ። ወደ ኋላ እየሄድን ነገርኩት። ፋብሪካችን ውስጥ ወሬ የሚወራው ወደ ኋላ እየተሄደ ነው።

"እና የታመመ ሰው ልክ ሲሆን አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ። "አባቴ በደረቱ ሲሞት አራት ጣት ተርፎት ነው የሞተው። እናቴ እግሯ አብጦ ስትሞት ሁለት ጣት ጎድሏት ነው የሞተችው።"

"ታዲያ ቤተ ፈውስ የሚተኛው ማን ነው?"

"አልጋው ሁሉ ሙሉ ነው ይባላል።"

"በማን?"

ጋሽ ዘውገ ወደ ገመዱ አየ። "አንዳርጌ፣ ገመዱ ላልቷል፤ ሳብ አድርገው" አለኝ። ገመዱን ጎትተን ከጨረስን በኋላ ግን፣ ዞር ሳይል፣ "ለሰሚው አቤት በል" አለኝ። "ለወጉ።"

ሰሚው የሚቀመጠው በመድን ቤቱ ሰገነት ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ። ሰሚው የሚሰማው ጀርባውን ሰጥቶ ነው፤ አቤት ባዩ ለማጅራቱ ይናገራል። ሰፊ፣ በንጽሕና የተላጨ ማጅራት ነበር። እጢውን ነገርኩት፤ ትኩሳቱን ነገርኩት፤ አሥራ ሁለት ቀን ማለፉን ነገርኩት። በምግብ ላደልባት ሞክሬ የበላችውን ሁሉ እንደምትመልሰው ሳይቀር ነገርኩት።

"ከነገርከኝ እንደተረዳሁት" አለ ማጅራቱ፣ "ሚስትህ ጠፍታለች።"

"አልጠፋችም ጌታዬ። ከታች አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።"

"ከታች ያለችው ሦስት ጣት ታንሳለች። የተመዘገበችው ሚስትህ የት እንዳለች ታውቃለህ?"

"እሷ ናት እኮ የምልዎት።"

"አታውቅም ማለት ነው። አይዞህ። ይህ ቤት የመዘገበውን ሰው አይጥልም። እንፈልጋታለን።" የማጅራቱ ቆዳ ወደ ጎን ተሳበ። ፈገግ ያለ መሰለኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ በራችን ተንኳኳ።

ከፈትኩ። አንዲት ሴት ትንሽ ጓዝ ይዛ ቆማለች። ጉንጯ ሙሉ ነው፣ ዓይኗ ጥርት ያለ ነው። ፊቷ የስንዱን አይመስልም። ቁመናዋ ግን፣ የአቋቋሟ ነገር፣ ወገቧ ላይ ያለው ሙላት፣ ልብሷ የሚወድቅበት ሁኔታ... ያለፈው ዓመት ስንዱ ገበያ ውላ ወደ ቤቷ የተመለሰች ነው የመሰለኝ። ጸጉሬ ቆመ።

"እንደምን አረፈዳችሁ" አለች። "ስንዱ ነኝ። ዘገየሁባችሁ።"

ስንዱ ከአልጋዋ ላይ በክርኗ ተነሳች። "እሰይ! እኔስ ማን ነኝ?"

ሴትዮዋ በትሕትና አንገቷን ደፋች። "ስለ እርስዎ አልተነገረኝም፣ እትዬ።"

ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። የስንዱ ክር፣ የስንዱ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ቆዳ እንደተንጠለጠለችበት፣ በወገቧ ላይ ታስሯል። ጫፍና ጫፉ ተሳስሟል፤ መርፌ አያስገባም። ከጓዟ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ። "ስንዱ ተገኝታለች። እንኳን ደስ አለዎት። ለቀዶ ጥገናዋ ሐሙስ ከቀትር በኋላ በቤተ ፈውስ በር ትቅረብ።"

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም። ወንበር ሰጠኋት። ተቀመጠች። የተቀመጠችው ስንዱ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። ማንም አልነገራትም።

ሰው መሆኗን ያወቅነው ስንዱ ስትጠይቃት ነው። እውነተኛ ስሟ ትብለጥ ነው። "ልከኛ ነኝ፤ ሥራዬ ነው" አለች። "መድን ቤት ነው ያደግኩት። ብዙ ነን። ሁላችንም በየልኩ አለን፤ ቀጭኑ፣ መካከለኛው፣ ደንዳናው። ቁርሳችን በሚዛን፣ ራታችን በሚዛን ነው። ባለ ክር ሲጠፋ ልኩ የሆነው ይላካል።"

"ከኔ በፊት ማን ነበርሽ?" አለች ስንዱ።

"ዘንድሮ የአናጢው ሚስት ነበርኩ። አምና የቀለም ቀቢው እናት።"

"እነሱን ሆነሽ ምን አደረግሽ?"

"ታከምኩ።" ቀሚሷን ከጎኗ ላይ ገለጥ አደረገች። ሆዷ እንደ ተጣፈ ጆንያ ነበር። በጣቷ እያሳየች፣ ልጆቿን እንደምታስተዋውቅ ሴት፣ "ይቺ የአናጢው ሚስት ሐሞት ናት። ይቺ የቀለም ቀቢው እናት ኩላሊት። ይኼኛው የቀድሞው ዘበኛ እህት ነው፤ ምን እንዳወጡ አላውቅም፣ ግን ከዚያ ወዲህ በግራ ጎኔ መተኛት አልችልም።"

"ሐሞትሽ ታሞ ነበር?" አልኳት።

"ኧረ ተመስገን፣ ደህና ነበር! ግን ሐኪም ሆድ ከፍቶ ባዶ እጁን አይወጣም። ነውር ነው።"

"የአናጢው ሚስትስ?" አለች ስንዱ። "እቤቷ ተኝታ የነበረችው?"

"ድናለች ተብሎ ተጻፈላት።"

"ዳነች?"

"ተጻፈላት" አለች ትብለጥ። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

የስንዱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ያኔ ያጠረ ትንፋሽ ነበራት፣ ደረጃ እንደምትወጣ ሰው። ትብለጥ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለማንም ባልሆነ ድምፅ "ሐሙስን ፈርቼዋለሁ" አለች። "ከእንግዲህ ብዙ የሚወጣ የለኝም።"

"አንዳርጌ" አለች ስንዱ፣ "ለሴትዮዋ የፊት ውኃ አቅርብላት። አፈር ለብሳለች።"

ሳፋውን አቀረብኩ። ትብለጥ ጎንበስ ብላ ስትታጠብ ውኃው በክንዷ ወርዶ ወገቧ ላይ ፈሰሰ። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና ፊቷን አኮማተረች። "ምነው ጠበቀኝ?" አለች፣ ክሩን በጣቷ እየሳበች።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። ገመድ ሲረጥብ እንደሚያጥር በከተማችን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። ድልድያችን በክረምት ሁለት ክንድ ወደ ላይ የሚነሳው በዚህ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የጭነት ማሰሪያ የምናላላው በዚህ ነው። ግን የወገብ ክሩም ክር መሆኑ ለማንም፣ ለኔም ጨምሮ፣ ታስቦን አያውቅም። ገመድ ያለው ፋብሪካ ነው፤ የወገብ ክር ያለው መድን ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ግቢና አጥር አለ።

እኔና ስንዱ ተያየን። አሥራ አንድ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ብዙ አይነጋገርም።

"ትብለጥ፣ ያንን ክር ፍቺው" አለች ስንዱ።

"ማውለቅ ክልክል ነው፣ እትዬ!"

"ሆድሽን ማስቀደድስ ተፈቅዷል? ፍቺው።"

ፈታችው። ከሳፋው ውስጥ ነከርነው፤ ሦስታችንም በላዩ አቀረቀርን። ክር ሲያጥር አይታይም፤ አጥሮ ነው የሚታየው። መጀመሪያ አንድ ጣት ሄደ። የፈላ ውኃ ጨመርኩበት፣ ሁለት ጣት ሄደ። እያወጣን እየነከርን፣ በእጄም እያፍተለተልኩ ሳጠብቀው እስከ ሁለት ጣት ተኩል ደረሰ። ከዚያ ወዲያ አሻፈረኝ አለ።

"ግማሽ ጣት ቀረ" አልኩ።

"ግማሽ ጣት እኔ እችላለሁ" አለች ስንዱ።

ሐሙስ ጠዋት በሶ በጥብጠን ሰጠናት። እንዳትመልሰው ዓይኗን ጨፍና፣ አንዴ እየሳቀች፣ አንዴ እያለቀሰች ጠጣችው። "ሞቼ እንኳን ብትቀብሩኝ ጠግባ ሞተች በሉ" አለች። ክሩ ከውኃው እንደወጣ በወገቧ አሰርነው። ጫፍና ጫፉ ተሳሳመ።

የፈራሁት መንገዱን ነው። ፀሐይዋ የከረረች ነበረች። የረጠበ ክር ሲደርቅ መልሶ እንደሚላላ አውቃለሁ፤ ቤተ ፈውስ ደግሞ በቃሬዛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ድልድዩን ሳንሻገር ግን የስንዱ ትኩሳት ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ላቧ በጀርባዋ፣ በጎኗ፣ በወገቧ ወረደ። ያንን ክር እስከ በሩ ድረስ እርጥብ አድርጎ ያቆየው በሽታዋ ነው። በሽታ የተመሰገነበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

አቶ ልሳኑ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ከደረቷ በላይ ሳያነሳ ክሩን አየ፤ በጥፍሩ በጫፍና ጫፉ መካከል ሊገባ ሞከረ፤ አልገባለትም።

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ ስንዱ" አለ። "ጠፍተሽ ነበር።"

ማኅተሙን መታ።

አልጋው ሙሉ ነው ያለው ጋሽ ዘውገ እውነቱን ነበር። ረጅም፣ ነጭ፣ ንጹሕ አዳራሽ ነው። በየአልጋው ጉንጩ የሞላ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንድም የሚያቃስት የለም። አንድም የሚያስል የለም። በየራስጌው ላይ ክር ተንጠልጥሏል። ስናልፍ ዓይናቸው ብቻ ተከተለን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፤ ወደ ስንዱ። አንዲት ወጣት ልከኛ አንሶላዋን እስከ አገጯ ሳበች።

ሐኪሙ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጨዋ ሰው ነው። እጁን ታጥቦ መጣና የስንዱን ጎን ነካ። እንደ ተቃጠለ ሰው እጁን መለሰ።

"ትፋጃለች" አለ።

"አዎ፣ ዶክተር።"

"እውነት ነው?"

"ምኑ?"

"በሽታው።"

ስንዱ ጥርሷን ነክሳ "ካላመኑኝ ይጫኑት" አለችው። ተጫነው። ጮኸች። ጩኸቷ አዳራሹን ዳር እስከ ዳር ሞላው። ከየክፍሉ ሌሎች ሐኪሞች እየሮጡ መጡና አልጋዋን ከበቡ፤ ከዚያ ድምፃቸውን አጠፉ፣ ታቦት እንዳዩ ሁሉ። አንዱ አዛውንት "እኔም ልነካት እችላለሁ?" ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሙ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጤና ስቆርጥ ኖርኩ፣ አቶ አንዳርጌ" አለኝ። "አንድ አፍታ ብቻ ታገሠኝ። መጽሐፌን ገለጥ አድርጌ ልምጣ።"

እጢውን አወጣው። በጎድጓዳ ሳህን አድርጎ ለኔም ለበረኛውም አሳየ። ስንዱ በዚያው ቀን ትኩሳቷ ወረደ፤ በማግስቱ ሾርባ ጠጣች፤ ደግሞም ጨው አነሰው ብላ ተቆጣች። እኔ ደጅ ሆኜ ይህንን ስሰማ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ክሩ ደረቀ።

አቶ ልሳኑ ለጠዋት ልኬት መጥቶ በወገቧ ሲያዞረው ሦስት ጣት ተረፈ። "ይቺ አይደለችም" አለ።

"እንዴት አይደለችም!" አለ ሐኪሙ። "የቀደድኩት ይቺን ነው። ስፌቱ የእጄ ነው፣ አውቀዋለሁ!"

"እንግዲያው ያልተመዘገበ ሰው ቀደዋል ማለት ነው፣ ዶክተር።"

ሐኪሙ ጫማውን አየ። ስንዱን ከነስፌቷ በቃሬዛ አውጥተው ከበሩ ላይ አስረከቡኝ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ቤታችን መጥተው "ስንዱ ከአልጋዋ ጠፍታለች" ብለው ትብለጥን ወሰዱ። ክሩ ለሷ ልክ ነበር። እሷም በስንዱ አልጋ ላይ አርባ ቀን ተኝታ፣ የስንዱን ሾርባ በሚዛን እየጠጣች፣ ከስንዱ ቀዶ ጥገና አገገመች። ቀዶ ጥገናው ተደርጓል ተብሎ ስለተጻፈ ማንም አልነካትም። በዕድሜዋ ሳይከፍቷት የተኛችበት አልጋ ያ ነው።

ስንዱ እቤቷ ዳነች። ጎረቤት ተፈራርቆ አስታመማት። ሐኪሙ ከሥራ ሲወጣ በጓሮ በኩል እየመጣ ስፌቷን ያይ ነበር። "በሽተኛ ለማየት አይደለም" ይለኛል በየቀኑ፤ "እንግዳ ልጠይቅ ነው።" ሲያየው ሲያየው ዓይኑ ይረጥባል። የስፌቱን ክር የፈታውም እሱ ነው።

በአርባኛው ቀን ትብለጥን "ድናለች" ከሚል ወረቀት ጋር እንድረከብ ተጠራሁ። መድን ቤት ትመለስ እንደሆነ ጠየቅኩ። "የተገኘ ሰው ወደ ጠፋበት አይመለስም" ተባልኩ። ወደ ቤት ይዣት መጣሁ። ስንዱ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ጠጋ አለችላት። ሁለተኛ ወንበር ሠራሁ።

ያንን በጋ አብረን ኖርን። ስንዱ ሥጋዋ ተመለሰ፤ ምንም ሳትመዘን፣ ባገኘችው ሰዓት እየበላች። ትብለጥ ግን የምትበላውን መጠን ማወቅ አልቻለችም፤ ምግብ ሲቀርብላት "ስንት ነው?" ትላለች። "የጠገብሽውን ያህል ነው" ትላታለች ስንዱ። "እሱ ስንት ነው?" ትላለች መልሳ።

አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ ወገቧን ይዛ ቆመች። ልደግፋት ስሄድ ፊቷ ላይ የማላውቀው ነገር አየሁ። ልጅ ከውስጧ የረገጣት ሴት ትመስላለች።

"አመመኝ" አለች።

"የማን ነው?" አልኳት፤ በልማድ።

ቆይታ አሰበች። "የማንም አይደለም" አለች። "የራሴ ነው።"

ሐኪሙ በጓሮ መጥቶ አያት። የታመመችው አንዲት የቀረቻት ኩላሊቷ ናት። ረጅም ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ለዚያውም በቤተ ፈውስ ብቻ የሚገኝ። ትብለጥ ግን በራሷ ስም ተለክታ አታውቅም። የሰው ሁሉ ክር ልኳ ነበር፤ የሷ የሚባል ክር አልተቆረጠም።

በዚያው ሰሞን የዓመቱ የክር ጉብኝት፣ ጠባቂው ቤት ለቤት እየዞረ የሚለካበት፣ ደረሰ። አቶ ልሳኑ የስንዱን ክር ይዞ ቤታችን ገባ። ሁለቱ ሴቶች ከመስኮቱ ሥር ጥጥ ይፈለቅቃሉ። የመጀመሪያዋን አስነስቶ ለካ፤ ተሳሳመ። ልቡ ሳያርፍ ሁለተኛዋን አስነስቶ ለካ፤ ተሳሳመ። ትብለጥ ገና መክሳት አልጀመረችም ነበር። አቶ ልሳኑ ክሩን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ሴቶቹ ተመልሰው ከጥጣቸው አጠገብ ተቀመጡ።

"አንድ ክር፣ አንድ ሰው ነው" አለ በመጨረሻ። "ስንዱ የትኛዋ ናት?"

እኔ አፌን ከፈትኩ። ቀና ብሎ ፊታቸውን ያይ እንደሆነ ጠበቅኩ፤ አላየም። የቀደመኝ የስንዱ እጅ ነው። ከጥጡ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ በአውራ ጣቷ ወደ ጎን አመለከተች።

"እሷ ናት" አለች።

"ስንዱ!" አልኩ፣ እኔ ሳላውቀው።

"ስንዱ ሰምታሃለች እኮ፤ ዝም በል አንዳርጌ" አለች ስንዱ። እግሯ ግን ከወንበሩ ሥር የትብለጥን እግር ረግጦ ይዟል፤ ትብለጥም ለመናገር የከፈተችውን አፏን መልሳ ገጠመች።

"ሌላዋስ?" አለ አቶ ልሳኑ።

"እንግዳ ናት" አለች ስንዱ።

ጻፈ። ክሩን ጠቀለለ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ትብለጥ በሳምንቱ በስንዱ ስም ቤተ ፈውስ ገባች። ስትከሳ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር ስንዱን "መልሶ ቢያምሽስ? ክርሽን ሰጥተሻል" ብዬ ጠየቅኳት። "አልታመምም" አለችኝ፤ ነገ ገበያ አልሄድም እንደሚል ሰው። ከዚያ ወዲህ ብርድ ሳይመጣ ትለብሳለች። ውኃ ሳታፈላ አትጠጣም። ዝናብ የዘነበ ቀን ድንጋይ ከድንጋይ እየመረጠች ትረግጣለች፤ እኔም ገመድ እንደምገምድ ከፊቷ ሆኜ፣ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። የማያውቀን ሰው ሲያየን፣ በመካከላችን አንድ የማይታይ፣ በጣም ተሰባሪ ዕቃ ተሸክመን የምናሻግር ይመስለውና መንገድ ይለቅልናል።